ከምስሩ መሀል ጠጠር

ጥቅምት ፰ ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣

ካሉበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎን፣ እንጀራዎን፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ደጅ ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ለእርስዎ እንደምጽፍ ግን አታውቅም። ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ያውቁታል፤ እዚያ ውስጥ ሹክሹክታም አይደበቅም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት የጭነት መኪና ሹፌር መልሱን ለእኔ በእጄ እንዲሰጠኝ አስምዬዋለሁ።

ጋሼ፣ ቸግሮኝ ነው። እርስዎ ከመሄድዎ በፊት ይሠሩበት በነበረው የእህል ማበጠሪያ ቤት መቀጠሬን ሰምተው ይሆናል። መጀመሪያ ጆንያ ሰፊ ነበርኩ። በክረምቱ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ጥሎ ሲሄድ ባለቤቱ ጠራኝና «አጎትሽ ማሽን አዋቂ ነበር፤ ደሙ ካለብሽ አያቅትሽም» ብሎ የጠጠር መለያዋን አስረከበኝ። ደሙ አለብኝ እንጂ እውቀቱ የለኝም ለማለት አፈርኩ።

ማሽኗ ያቺው የእርስዎ ማሽን ናት። ምስሩ ከላይ ይፈስሳል፣ ወንፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥር ማራገቢያው ይነፋል። ምስሩ ተንሳፎ ወደ ታች፣ ጠጠሩ እየተገፋ ወደ ላይ መሄድ አለበት። አሁን ግን ሁለቱን አፋቅራ አንድ ላይ ነው የምትሸኛቸው። ከማሽኑ ቀጥሎ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች በእጃቸው ባይለቅሙልን ኖሮ ድሮ ተዘግተን ነበር። እነሱም ሰው ናቸውና ያመልጣቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ደንበኛ የተሰበረ ጥርሱን በመሀረብ ቋጥሮ አመጣና ባለቤቱ ፊት ዘረገፈው። ባለቤቱ ፈገግ አለ። በእርስዎ ጊዜ ምን ይባል እንደነበር አላውቅም፣ ዛሬ ሠራተኛው በስውር «ፈገግታው» ነው የሚለው፤ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ነው ጥርሱ የሚታየው። «ወይ ማሽኗን አስተካክይ፣ ወይ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለኝ።

እባክዎ ከየት እንደምጀምር ይንገሩኝ። ልጅ ሆኜ መሣሪያ ሳቀብልዎ ያወጡልኝ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የእህትዎ ልጅ፣
ብሎን


ጥቅምት ፳፱ ቀን

ለብሎኔ፣

ፈጣሪ እጅሽን ከሚሽከረከረው የማሽን ቺንጋ፣ ዓይንሽን ከአቧራ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሹፌሩ ፖስታ ሲዘረጋልኝ ማን ሞተ ብዬ ቆሜ ቀደድኩት። ለካ የታመመችው ማሽን ናት! ተመስገን ብዬ እዚያው በር ላይ ሳቅሁ፤ ሹፌሩም አብዷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

በይ ስሚኝ። ሁሉንም በአንዴ አትነካኪ። አንዱን ነክተሽ ቆመሽ እዪ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ያለበለዚያ የጠቀመሽንም የጎዳሽንም አታውቂውም። ወንፊቱን አውልቂና በሽቦ ብሩሽ ከሥር ወደ ላይ ጥረጊው። ቀዳዳው በስባሪና በአቧራ ከተደፈነ አየሩ በየት ይለፍ? ቀጥሎ አፈሳሰሱን እዪ። ምስሩ ወንፊቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጎ መሸፈን አለበት፤ አንድ ራሰ በራ ቦታ ካለ አየሩ ሁሉ በዚያ ይሾልክና ሌላው ያንቀላፋል። እሱ ሲስተካከል ነው የአየሩን መዝጊያ የምትነኪው። ምስሩ ሊፈላ እንደቀረበ ውሃ ይነቃነቅ፣ አይዝለል። አየር ከበዛ ጠጠሩም ክንፍ አውጥቶ ከምስሩ ጋር ይወርዳል። የወንፊቱን ዘንበል የሚይዙትን ብሎኖች ግን እንዳትደርሺባቸው። የሱን ጊዜ እኔ እነግርሻለሁ።

የሆነውን ጻፊልኝ፤ አንድም ነገር እንዳታስቀሪ። ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላም በይ። ለአንዷ ግን አትበይ። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ።

አጎትሽ


ኅዳር ፳ ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣

እንዴት ከረሙ? የሰው አገር ብርድ እንዳይበረታብዎ፣ ጉልበትዎ እንዳይደክም ዘወትር እለምናለሁ። እኔ ከማስነጠስ በቀር ደህና ነኝ። ማስነጠሱም የእርስዎ ጥፋት ነው፤ ወንፊቱን ሳወልቅ ከሥሩ የወጣው አቧራ አንድ ክፍል ቤት ይመርግ ነበር።

ጋሼ፣ ሠራ! አፈሳሰሱን እኩል አድርጌ አየሩን ጥቂት በጥቂት ስከፍት ምስሩ ያሉትን ነቅነቅ ያዘ። ከዚያ በላይኛው አፍ በኩል ጠጠሩ ቆርቆሮው ላይ ጠር፣ ጠር ሲል ሰማሁ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ማሽኗን በመዳፌ መታ መታ አደረግኋት። ፈገግታው መጥቶ ከጆንያው አንድ እፍኝ አውጥቶ አየ፣ ሌላም አየ። አላመሰገነኝም፣ ግን አልተቆጣም።

በማግስቱ ወደ ለቃሚዎቹ ሄደና «ለእናንተ ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ ዓይናችሁ ሊያርፍ ነው» አላቸው። ከጠረጴዛው ግራ በኩል የነበሩትን በሙሉ አስነሳ። ለምን ግራ እንደሆነ የጠየቀው የለም። አንዷ ብቻ «ጌታዬ፣ ዛሬ ቦታ ተለዋውጬ ነው እንጂ እኔ የቀኝ ነኝ» ብላ ለመነችው። «እንኳን ተለዋወጥሽ» አላትና ሄደ። ሲወጡ በማሽኗ በኩል ነው ያለፉት። ሰላም ያለችኝ የለችም። አንዷ ያደፈ ሽርጧን አጣጥፋ ማሽኗ ላይ አስቀመጠችና «ላንቺ መወልወያ ይሆንሻል» አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? እኔም የታዘዝኩ ነኝ።

አሁንም ጥቂት ጠጠር ያልፋል። ፈገግታው ጨርሶ እንዲጠፋ ይፈልጋል። የዘንበሉ ጊዜ ደርሷል?

የእህትዎ ልጅ፣
ብሎን


ታኅሣሥ ፭ ቀን

ለብሎኔ፣ ለእጄ ምትክ፣

እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የነካሽው ሁሉ ይስመር! ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አንቺ እዚያ ሆነሽ ቆርቆሮው ጠር ሲል እኔም እዚህ ሰማሁት።

እኔ የምሠራበት መጋዘን ያለው ማሽን የእናንተን ግቢ ያክላል። ራሱን በራሱ ነው የሚያስተካክለው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጆንያ እገፋለሁ፣ ቀይ ሲሆን እጄን አነሳለሁ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ ይመጣል፣ እኔ እልፍ እላለሁ። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ያለኝ ሰው የለም። ጠየቅሽኝ አንቺ። እና እንዳታሳፍሪኝ።

ዘንበሉን እንዲህ አድርጊ። በግራና በቀኝ ጎኑ ያሉትን ብሎኖች አላልተሽ ከሥር ያለውን ረጅሙን ብሎን የክር አንድ ጥርስ ያህል ብቻ አዙሪ። ወንፊቱ በጣም ከተኛ ምስሩም ከጠጠሩ ጋር ወደ ላይ ይወጣና ይባክናል። በጣም ከቆመ ጠጠሩ መውጣት ያቅተውና ከምስሩ ጋር ተመልሶ ይወርዳል። መሀል ላይ አንድ ቦታ አለ። እሱን ስታገኚ በላይኛው አፍ ንጹሕ ጠጠር፣ በታችኛው ንጹሕ ምስር ይወጣል፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ስለ ሴቶቹ አታልቅሺብኝ። ድንጋይ መልቀም ሥራ ነው እንዴ? ልመና ነው እንጂ። ማሽን ስላልተስተካከለ ብቻ እዚያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሌላ ይፈልጉ። እናትሽ እንኳ፣ ክፋቷ እንዳለ ሆኖ፣ በገዛ የስፌት መኪናዋ ሠርታ እንጀራዋን ትበላለች፤ የሰው ጠረጴዛ ሥር አልተቀመጠችም።

ቶሎ ጻፊ።

አጎትሽ


የካቲት ፲፬ ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣

ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ። ወረቀቱን እይዝና የምጽፈው ይጠፋኛል።

ዘንበሉን እንዳሉኝ በጥርስ በጥርስ ስነካ ቆየሁ። መሀሉን ሳልደርስበት አልቀረሁም። አንድ ቀን ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁትና ፈገግታው ሳያይ ብሎኑን ወደ ኋላ መለስኩት።

ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ማሽኗ ጥቂት ጠጠር ሁልጊዜ እንድታሳልፍ አድርጎ ማቆየት ይቻላል? ብዙ አይደለም፤ በጆንያ አንድ እፍኝ ያህል። ፈገግታው የቀሩትን ለቃሚዎች «ጠጠር እስካለ ድረስ አላችሁ» ብሏቸዋል። እነሱ የሚለቅሙት ካለ ደንበኛም አይጎዳም፣ እነሱም ይሰነብታሉ።

ከነሱ መሀል በቅርቡ የገባች አንዲት ሴት አለች። ፈገግታውን ደጅ ጠንቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በየሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር፤ ጉልበቷ አልታጠፍ ሲል ያንን ተወች። ጣቶቿ አብጠዋል፣ ግን ጠጠር አያመልጣትም። ምሳዋን እንኳ አንድ እጇ ምስሩ ላይ ሆኖ ነው የምትበላው። እሷ እንድትነሳ አልፈልግም። ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል። ስለ እኔ ብለው እሺ ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ብሎን


መጋቢት ፪ ቀን

ብሎኔ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ድንጋይ እንዴት እንደሚያልፍ ላስተምርሽ? እኔ? ያን ማሽን ከነሣጥኑ አውርጄ የገጠምኩት ሰው? መሀሉን አግኝቼ ወደ ኋላ መለስኩት ትይኛለሽ፣ እንደ ጀብዱ! ሰው የዘራውን ሲያቃጥል እንኳ እንዲህ አይኮራም።

ይህ ከማን እንደመጣብሽ አውቃለሁ። እናትሽም እንዲህ ናት፤ ለመንገደኛ ታነባለች፣ ለገዛ ሥጋዋ ግን ድንጋይ ናት። እናቴ ስትቀበር አልደረስኩም። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም ነበር። ይህን እያስረዳኋት ስልኩን ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ «እናታችንን ቀብሬያለሁ፤ አንተንም አብሬ ቀብሬያለሁ» አለችኝ። ጎረቤት ሰማ፣ የማያውቀኝ ሰው ሰማ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብዬ አልሄድኩም። አንቺ ደግሞ ለማታውቂያት ልብስ አጣቢ ብለሽ የእኔን እጅ ሥራ ታበላሺ!

የባለቤቱ ስልክ ቁጥር አሁንም አለኝ። ያንቺን ጨዋታ አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ነው የምነጋገረው።

አጎትሽ


መጋቢት ፲፩ ቀን

ለብሎኔ፣

ከረምሽ ወይ? ንዴቴ በርዷልና አትፍሪኝ። መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፈው ደስታዬን የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

ደወልኩለት። ወዲያው አወቀኝ! «አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ?» አለኝ። ስልኩን ወደ ማሽኗ አስጠጋልኝ አልኩት። መጀመሪያ ሁካታ ብቻ ነበር፣ በኋላ ጆሮዬ ለየው። ወንፊቱ ከልክ በላይ ቆሟል አልኩ። አንቺ ብሎኑን ስታዞሪ፣ እኔ «ጨምሪ፣ ቀንሺ» ስል እዚያው ያለሁ መሰለኝ። ከኋላ ሴቶች ሲስቁ ሁሉ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ከዚያ ድምፁ ሲለወጥ አንቺም ሰምተሻል። ባለቤቱ «ጠፋ! አንድም ጠጠር የለም!» ብሎ ሲጮህ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አንድ ነገር መክሬዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ። ሰው እንዳይነካካው ብሎኖቹን በብየዳ ይምታቸው ብያለሁ። አንቺን አምኜ ነበር፤ አሁን የማምነው ብየዳውን ነው። እንደ ቀልድ ቁጠሪው።

እንዴት ዋላችሁ በኋላ? ጻፊልኝ እንጂ።

አጎትሽ


ሚያዝያ ፬ ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ጤና ይስጥልኝ።

እንዴት እንደዋልን ጠይቀውኛልና ልንገርዎ።

ስልክዎ ሲደወል ፈገግታው ለቃሚዎቹ መሀል ቆሞ ነበር። ማሽኗ ጋ እንዲያስጠጋው ሲጠይቁት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ማሽኗና ሴቶቹ መሀል አስቀመጠው። ድምፅዎ ክፍሉን ሞላው። ገና «ይሰማል?» ከማለትዎ አንዷ ለቃሚ ቀና አለች።

እማዬ ናት ጋሼ። ከታኅሣሥ ጀምሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጠጠር ስትለቅም የነበረችው እማዬ ናት። «ለማታውቂያት ልብስ አጣቢ» ያሉኝም እሷኑ ነው። የስፌት መኪናዋ የለም። ለአያቴ መድኃኒት ሸጣው ነበር፤ አያቴ ሳትሞት፣ እርስዎና እሷ ሳትጣሉ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። «አንድ ቀን ከእሱ ጋር ብትገናኚ እንኳ ይህን እንዳትነግሪው» ብላ በራሷ አስምላኛለች። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩት።

ድምፅዎን ስትሰማ ምን እንዳደረገች ይወቁ። ሳቀች። እንደ ልጅ ሳቀች። ከጎኗ ያለችውን በክርኗ ነካ አድርጋ «ወንድሜ እኮ ነው!» አለቻት። ሴቶቹም «በይ እስኪ ተናገሪው፣ ፍራንክ ላክ በይው» እያሉ ይሥቁባት ጀመር። በስልክ የሰሙት ሳቅ ያ ነው። ቀሚሷን አራግፋ ወደ ስልኩ ልትነሳ ስትል ፈገግታው «እነዚህን የተረፉትን ምን ላድርጋቸው?» ብሎ ጠየቀዎ። ያሉትን ያስታውሱታል? እርስዎ ባያስታውሱት እኛ አንረሳውም። «ድንጋይ መልቀም ሥራ ነው እንዴ? ለማኞችህን አሰናብታቸው፣ ግቢህ ይጽዳ» አሉ። ሣቁም። ፈገግታውም ሣቀ።

እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

ብሎኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጨምሪ ሲሉ ጨመርኩ፣ ቀንሺ ሲሉ ቀነስኩ። መፍቻውን ጥዬ መውጣት እችል ነበር። ፈገግታው ከጀርባዬ ቆሞ ስለነበር አልጣልኩትም። ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁት። ምስሩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እማዬ ከፊቷ የደረሰውን በጣቷ በተነችው። ሰብስባ ደግማ በተነችው። አንድ ጠጠር አጣች። ሌሎቹ እጃቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ እሷ ብቻ ትፈልግ ነበር። ፈገግታው ራሷ ላይ ቆሞ «እናት፣ የለም እኮ፤ ከየት ታመጪዋለሽ?» አላት።

ስትነሳ ጉልበቷ እምቢ አላት። ጠረጴዛውን ይዛ ቆየች። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ እርስዎ ስለ ብየዳው እያስረዱ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ የምትናገር መስሎኝ የጎን ብሎኖቹን ማጥበቄን አቆምኩ። ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችው፣ አለፈችው፣ ወጣች።

ቤት ስገባ «ትጽፊለት ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ማሽን።»

«ስለ ማሽን ብቻ?»

«ብቻ።»

«ደግ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ዛሬ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ስጠራት ትመልሳለች፤ ወሬ ግን የለንም።

እኔን አላባረረኝም። ማሽኗ አንድ ሰው ትፈልጋለች።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ ፳፪ ቀን

ለእህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፣ ለታላቄ፣ ሰላም ይሁንልሽ። ጉልበትሽን እንዴት ነሽ? ለብሎኔም፣ ለልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ለሁለታችሁም ነው።

አላወቅሁም። ምን እላለሁ ሌላ? ማን ነገረኝ? የስፌት መኪናውን አላወቅሁም፣ እጥበቱን አላወቅሁም። ብሎኔ፣ አንድ ቃል ብትጽፊ ምን ነበረበት? «እናቴ ናት» ብትይኝ፣ ሁለት ቃል! ያንቺስ መሐላ ከእሷ እንጀራ ይበልጣል? አይ፣ ተይው። አንቺን ልወቅስ አይደለም ብዕር ያነሳሁት።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ለባለቤቱ ደወልኩ። አንዷ እህቴ ናት፣ እባክህ መልሳት አልኩት። ለመንኩት። እስኪበቃው ሣቀብኝ። «ማሽኑን ያስተካከልከው አንተ፣ አሰናብታቸው ያልከው አንተ፣ መልሳት የምትለውም አንተ። አንተን ሰምቼ ስንቴ ልሥራ?» ብሎ ዘጋው። ደግሜ ስደውል አያነሳም።

ብሎኔ፣ ስሚኝ። ብየዳው ካልተመታ ዛሬውኑ የጎኖቹን ብሎኖች አላዪ። ረጅሙን ብሎን ሦስት ጥርስ አዙሪና ወንፊቱን አቁሚው። የአየሩን መዝጊያ እስከ መጨረሻው ክፈቺው። ጠጠሩ ሁሉ ከምስሩ ጋር ተግበስብሶ ይወርዳል። ሰው ቢጠይቅሽ ቺንጋው ላልቷል በይ። የሱ ጆንያ ሁሉ ድንጋይ ይሁን! ያኔ ወዶ ሳይሆን በግዱ ይጠራቸዋል።

እህቴ፣ ስልክ እንድታናግሪኝ እለምንሻለሁ። አንድ ቀን፣ በወደድሽው ሰዓት። ከፈለግሽ ስደቢኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ። በምችለው ሁሉ እልክልሻለሁ፤ ጆንያ እየገፋሁ እልካለሁ። ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ።

ብሎኔ፣ ምን እንዳለችኝ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወንድማችሁ፣ አጎትሽ


ሰኔ ፱ ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሹፌሩ በመንገድ ሰንብቶ ደብዳቤዎን ያደረሰልኝ በግንቦት መጨረሻ ነው። እንዳሉኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባበጡት ጣቶቿ ካልሲ ትጠግን ነበር፤ አላቋረጠችም። ወንፊቱን አቁሚው የሚለው ላይ ስደርስ «እሱን ደግመሽ አንብቢው» አለችኝ። ደገምኩት። ስጨርስ ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት። «ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል በይው» አለች። «ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ባሉት መሠረት ይኸው ጽፌያለሁ፤ ሌላ ያለችው የለም።

ከደብዳቤው ጋር የላኩላትን ጥቅል ሹፌሩ መልሶ ያመጣልዎታል። ክሩን እንኳ አልፈታችውም።

ብየዳው የተመታው መጀመሪያ በደወሉ ማግስት ነው። እስኪመሽ እንኳ አልቆየም፣ ጠዋቱን ነው በያጁ የመጣው። የጎኖቹንም የረጅሙንም ብሎን መታቸው፤ የአየሩን መዝጊያ ፈገግታው በራሱ ሐሳብ አስጨመረ። መፍቻዬን ተቀብሎኛል፤ ከእንግዲህ የኔ ሥራ መጥረግና ማስነሳት ነው።

እማዬ ሥራ አላት ወይ ብለው ይጨነቁ ይሆናል። ከላይኛው አፍ የሚወጣውን ጠጠር ቀድሞ ግንበኞች ይወስዱት ነበር። ፈገግታው አሁን ከግቢው ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ያስደፋዋል። ያሰናበታቸው ሴቶች መጥተው ውስጡ የቀረ ምስር ካለ ለቅመው እንዲወስዱ ፈቅዷል። «ምጽዋት ነው» ይላል፣ ፈገግ ብሎ። ጠዋት እኔና እማዬ አብረን ከቤት እንወጣለን። የማበጠሪያው ግቢ በር ላይ ስንደርስ እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ፣ እሷ በግንቡ ታጥፋ ትሄዳለች። ማሽኗን ሳስነሳ እሷ በወዲያ በኩል ድንጋይ ውስጥ ምስር መፈለግ ትጀምራለች።

ሌሎቹ ሴቶች ከሳምንት በኋላ መምጣት ተዉ። ጋሼ፣ በጣም ጥሩ አድርገው ነው ያስተካከሏት። ከድንጋዩ ጋር የሚወጣ ምስር የለም ማለት ይቻላል።

ጤና ይስጥልኝ።